ስፓኒሽ ለምትማሩ የአገሬ ልጆች

ይድረስ በደጋንም ሆነ በሌላ ቦታ ስፓኒሽ ለምትማሩ ሁሉ፦

ብዙ ተማሪ የስፓኒሽን ተራ የአሁን ጊዜ ግስ በደህና ይወጣና ምኞትና ጥርጣሬ የሚነገርበት «ሱብኹንቲቮ» የሚባለው የግስ መልክ ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል። እባካችሁ እናንተ አትቁረጡ። የእኛ ሰው ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም።

አረባቡ ቀላል ነው። «አዩዳር» (መርዳት) የሚለውን እንውሰድ። «እረዳለሁ» ለማለት አዩዶ ይባላል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኦ» ጣሉና «ኤ» ተኩባት፦ አዩዴ፣ አዩዴስ፣ አዩዴ፣ አዩዴሞስ፣ አዩዴን። ስፔኖች ለ«እናንተ» አዩዴይስ ይጨምራሉ፤ በኩባና በቀረው ላቲን አሜሪካ ግን አዩዴን ይበቃል። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት ደግሞ በ«ኤ» ፈንታ «አ» ይይዛሉ። ኮሜር (መብላት) ኮማ፣ ኮማስ፣ ኮማ፣ ኮማሞስ፣ ኮማን ይሆናል።

አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋን፣ ቡና የተፈላበት ቤት ግቡ። ሽማግሌ ሲመርቅ «አላህ ይርዳህ» ይላል፤ «ይረዳሃል» አይልም። አንዱ ምኞት፣ ሌላው ወሬ ነው። ስፓኒሹም በዚሁ ቦታ «ኬ ዲዮስ ቴ አዩዴ» ይላል። «ብላ» ኮሜ ነው። «አትብላ» ስንል የእኛ ግስ መልኩን ይለውጣል፤ የእነሱም ይለወጣል፦ ኖ ኮማስ። አንቱ የምንለውን ሰው «ይብሉ» እንላለን፤ እነሱም ለአክብሮት ኮማ ይላሉ። «እንርዳ» አዩዴሞስ ነው።

መንገዳችን የሚለያይበትም አለ፤ ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት። ሙስሊሞች ለ800 ዓመት ገደማ በኖሩባት ስፔን ከዐረብኛ የቀረ «ኦሃላ» የሚል ቃል አለ፤ ሥሩ «አላህ ከሻ» ማለት ነው። እኛ «ኢንሻአላህ ይረዱኛል» እንላለን፤ ግሱ አይነካም። ስፓኒሽ ግን ከኦሃላ በኋላ ሱብኹንቲቮ ግድ ይለዋል፦ ኦሃላ ሜ አዩዴን። «ይረዳል ብዬ አምናለሁ» እና «ይረዳል ብዬ አላምንም» ስንልም «ይረዳል» ያው ነው። እነሱ ሲያምኑ ክሬኦ ኬ አዩዳ፣ ሲጠራጠሩ ኖ ክሬኦ ኬ አዩዴ ይላሉ። «እንድትረዳኝ እፈልጋለሁ» ኪዬሮ ኬ ሜ አዩዴስ ነው።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡትን ጨምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት ላይ በዚህ ቋንቋ ተምረዋል። ከእነሱ አንዱን በሰፈራችሁ ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ አነጋግሩ። የእርባታውን ሰንጠረዥ ብቻ አትሸምድዱ። ከቤታችሁ ምርቃት አንዱን ውሰዱና በስፓኒሽ በሉት፤ ቀጥሎ ያመናችሁትንና የተጠራጠራችሁትን ጎን ለጎን ተናገሩ። ምርቃቱ አንደበታችሁን ይፈታል፤ ጥርጣሬው ግን ልምምድ ይፈልጋልና ደጋግሙት።

አክባሪያችሁ