አሮጌዎቹ ብስክሌቶች ለጨረታ ወይስ ለእጅ ሥራ ክፍል?

ባለፈው ሰኞ ከዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ጎን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ያላነበበ ሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም። የንብረት ክፍሉ በግምጃ ቤት የሚገኙትን አገልግሎት የማይሰጡ ዕቃዎች በጨረታ ሊሸጥ ማሰቡን ትገልጻለች። በተራ ቁጥር 6 ላይ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌው ማባዣ መኪና ቀጥሎ፣ «ልዩ ልዩ አሮጌ ብስክሌቶች» ይላል። ለእነዚህ ብስክሌቶች ማን እንደሚጫረት ደግሞ አገር ያውቃል፤ ቁራሌው ነው። በኪሎ መዝኖ ይወስዳቸዋል፣ አለቀ።

በበኩሌ ይህን ሐሳብ እቃወማለሁ። ለምን ቢሉ፣ ብስክሌቶቹ ያረጁት ከላይ እንጂ ከአጥንታቸው አይደለም። የግምጃ ቤት ኃላፊውን አስፈቅጄ ገብቼ አይቻቸዋለሁ። ሰባት ናቸው። አራቱ ባለ 28 ጎማ፣ የሻንጋይ ሥራ የሆኑ ፎኒክሶች ናቸው፤ የሦስቱን ስም ዝገት ስለበላው ማንበብ አልቻልኩም። ጎማቸው ተሰነጣጥቋል፣ ከመነዳሪ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ኮርቻቸውን አይጥ ቆርጥሞታል። ቴላዮዎቹን ግን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቅሁ፣ በመፍቻ እያንኳኳሁ አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ስድስቱ ጤነኞች ናቸው። ሰባተኛው ከአንገቱ ሥር ስንጥቅ አለበት፤ እሱን ቁራሌው ይውሰደው፣ ምርቃት ነው።

ታዲያ እንደ ድሯቸው እንጠግናቸው እንዳይባል፣ የ28 ጎማና የዘንግ ፍሬን መለዋወጫ ቡታጅራም ወልቂጤም ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ጠይቄ አላገኘሁም። የ26 ጎማና ቸርኬ ግን ሞልቷል። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቴላዮውን ይዘን ሌላውን መለወጥ ነው፤ ይኸውም በቢኤምኤክስ መልክ የተሠራ ክሩዘር ማድረግ።

ቢኤምኤክስ ለብዙዎቻችን በስልክ ያየነው የልጆች ዝላይ ነው። መነሻው ግን ብልሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የነበሩ ልጆች የሞተር ብስክሌት ውድድር ያያሉ፤ ሞተር ግን ከየት ይምጣ? ባለ 20 ጎማ ብስክሌታቸውን ፓራፋንጎውን ገፈው፣ መሪውን ከፍ አድርገው በአቧራ ላይ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ይኸው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ክሩዘር የሚሉት የዚያው ታላቅ ወንድም ነው፤ ጎማው 24 ወይም 26 ሆኖ ወፍራም፣ መሪው ሰፊና ከፍ ያለ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ አዋቂ ሰው ተመቻችቶ የሚነዳው። (በነገራችን ላይ ብስክሌት ለእኛ ለአገራችን ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በቡድን የመንገድ ውድድር 9ኛ ወጥተዋል። ሯጮቹን እንጂ እነሱን የሚያነሣቸው የለም። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አሁን ማንሣት ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ዓምና ለመስቀል ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ወልቂጤ ሄድኩ። አጎቱ ቤት ጓሮ ውስጥ አንድ ባለ 28 ብስክሌት ተደግፎ አገኘን፤ ክትፎው ሳይበርድ እኛ ጓሮ ነበርን ብል ይሻላል። በሁለት ቀን ክሩዘር አደረግነው። መሪውን ከነአንገቱ ያወጣነው ከተሰበረ የልጅ ቢኤምኤክስ ላይ ነው። አንገቱ ሲገባ ትንሽ ይወዛወዛል። «ኧረ አንድ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል!» ተባባልንና ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ጠቅልለን አጠበቅነው። ቆርቆሮውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

ሜዳ ላይ ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ቁልቁለት ሲወርድ አንድ ባጃጅ ከፊቱ ታጠፈበት። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ መሪው ዞረ፣ ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ቦይ ውስጥ ገባ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ የማስተማር ልምምዱም አመለጠው፤ ዘንድሮ ከእኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚማረው። አጎቱ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ያነሣሁት «ብስክሌቶቹ ይሸጡ፣ አደጋ ነው የሚያመጡት» የሚሉ ወገኖች ይህንኑ ታሪክ እየጠቀሱ ስለሆነ ነው። እውነታቸውን ነው፣ አደጋ ደርሷል። ነገር ግን ለምን ደረሰ? በኋላ እንደተረዳሁት የተለመደው ብስክሌት የአንገት ቀዳዳ ስፋቱ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌ ቢኤምኤክስ አንገት ግን ብዙ ጊዜ 21.1 ይሆናል። በዓይን አይለይም፤ በካሊፐር ግን በግማሽ ደቂቃ ይታወቃል። እኛ ጓሮ ካሊፐር አልነበረም። በተቋማችን የእጅ ሥራ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ግን ሁለት አሉ፤ ከነማሸጊያቸው። ስለዚህ ያ አደጋ የሚያስረዳው ሥራው ከጓሮ ወጥቶ መምህር ባለበት፣ መለኪያ ባለበት ቦታ መሠራት እንዳለበት ነው። ብስክሌቶቹን ብንሸጣቸው ወጣቱ ይህን መሥራት ያቆማል ወይ? አያቆምም! ጓሮ ይሠራዋል፣ እንደ እኛ።

በሌላ በኩል ከማልስማማባቸው ጓደኞቼ ጋርም ልከራከር። አንዳንዶቹ ሐሳቤን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ቴላዮውን በሴጌቶ ቆርጠን፣ አጎንብሰን፣ በይደን የስልክ ላይ ብስክሌት እናስመስለው ይላሉ። ይህ ከቶ አይሆንም። የእነዚህ ቴላዮዎች ቱቦ በኤሌክትሪክ የተበየደ አይደለም። ጫፉ መገጣጠሚያ ክንድ ውስጥ ገብቶ፣ በመካከሉ ናስ ቀልጦ ፈስሶበት ነው የተያዘው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሲገባበት ናሱ ከብረቱ ጋር ይደባለቅና ስፌቱ ተሰባሪ ይሆናል። ቱቦውም ስስ ነው፤ የበር ብረት የለመደ በያጅ ሳያስበው ይበሳዋል። ላዩ በቀለም ተሸፍኖ ያምራል፤ የሚሰበረው ሰው ሲቀመጥበት ነው። ስለዚህ የሚፈታና የሚታሰር ነገር ብቻ እንለውጥ። ያኔ ነገ የ28 ቸርኬ የሚያገኝ ሰው ቢመጣ እንደነበረ ሊመልሰው ይችላል።

ሁለተኛው ክርክራችን ፍሬን ነው። የልጆቹ ፋሽን ፍሬን ማውለቅ ነው፤ «ጫማዬ አለ» ይላሉ። እንግዲህ ቡታጅራ ከዘቢዳር ግርጌ፣ አብዛኛው ሜዳ ላይ ናት። ወደ እንሴኖ የሚነዳ ሰው በጫማው ሊያመልጥ ይችል ይሆናል። ወልቂጤ ላይ ግን በጫማ የሚቆም ብስክሌት የለም።

ችግሩ ይህ ነው፤ የድሮው የዘንግ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ወደ ላይ ስቦ ነው። ቸርኬው ከተለወጠና መሪው ከፍ ካለ ዘንጉ አይደርስም፣ ዋጋ የለውም። ለኋላው መፍትሔው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ሞዞ ነው፤ ሽቦም ዘንግም አይፈልግም። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያው በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረ አንድ የቁልቁለት ውድድር ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ እንደ እኛው እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹንና የ1940ዎቹን አሮጌ ቴላዮ እያደሱ ነበር የሚመጡት። ሞዞው ቁልቁለቱን ሲወርድ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር፣ ታች ሲደርሱ ፈትተው እንደገና ግራሶ ይሞሉት ነበር። የውድድሩ ስም ራሱ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ስለዚህ የፊት ፍሬን ግዴታ ነው። ከተጣለ የተራራ ብስክሌት ላይ የፍሬን መቆሚያ ያለው ባለ 26 ሹካ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የእኛዎቹ ቴላዮዎች አንገት ረጅም ስለሆነ የሹካው ግንድ መድረሱን ከመግዛት በፊት መለካት ነው። አንገቱም መሪውም ከዚያው ብስክሌት ይምጣ። ቆርቆሮ አልቆርጥም፤ ምያለሁ።

ስለ ጎማው ውፍረት አንድ ነገር ልጨምር። ወፍራሙ 26×2.125 ያምራል፤ ሆኖም ከፔዳሉ ኋላ ባለው ጠባብ ቦታ ቴላዮውን ሊፈትግ ይችላል። እኛ 26×1.95 አድርገን አለፈልን።

ለሒሳብ ትምህርት ሰልጣኞች ደግሞ እዚህ ላይ እንጀራ አለ። ባለ 28 ጎማ ከነአየሩ ወደ 715 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ 26×1.95 ወደ 659 ገደማ ነው። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል ብስክሌቱ 28 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ፔዳሉ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ስለዚህ ሲታጠፉ የውስጥ ፔዳሉን ወደ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። የ24 ጎማ ብናደርግ ኖሮ ፔዳሉ አስፋልት ይነካ ነበር። አሁን የፊት ጥርሱ 46፣ የኋላው 18 ነው እንበል። አንድ ጊዜ ፔዳሉ ሲዞር ብስክሌቱ 5.74 ሜትር ይሄዳል። ጎማው 26 ሆኖ የኋላውን ጥርስ በ22 ብንለውጠው 4.33 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በአንድ አራተኛ ያህል ሲቀንስ ዳገቱ በዚያው መጠን ይቀላል። የፊት ጥርሱን አንነካውም፤ በሽብልቅ የተያዘ ስለሆነ እሱን ማውጣት ራሱ የአንድ ቀን ሥራና የአንድ መዶሻ እጀታ ዋጋ ነው። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ክብ ሥዬ ከማስተምር፣ ብስክሌቱን ገልብጬ ተማሪው ራሱ ጥርሱን ቆጥሮ፣ ጎማውን በገመድ ለክቶ ቢያገኘው አይሻልም? ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አይኖረው ይሆናል። ብስክሌት ግን አይጠፋም።

ሴት ሰልጣኞች እህቶቻችንም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሉት አለ። አንዷ የክፍል ጓደኛችን «የናንተ ባለ 28 ግድግዳ ነው፣ ልውጣበት ወይስ ልዝለለው?» ብላ አስቃናለች። ሲዝል ግን ትክክል ናት። ዝቅ ያለ ኮርቻና ከፍ ያለ መሪ ለጀማሪ ይመቻል፤ ከሰባቱ አንዱም የመካከል ብረቱ ወደ ታች የወረደ የሴት ቴላዮ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይሠራ እላለሁ።

አንድ የማከብራቸው መምህራችን ግን በፍጹም አልተስማሙም። እርሳቸው በወጣትነታቸው በመስቃን ገጠር ሲያስተምሩ በእንዲህ ያለ ፎኒክስ ነበር የሚመላለሱት። «ልጄ፣ ይህ እኮ ፓራፋንጎ ያለው የጨዋ ብስክሌት ነው፤ በዝናብ ሱሪዬን ሳያጨቀይ ስንት ዓመት አስተማረኝ። እናንተ ገፋችሁ ራቁቱን ልታስኬዱት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነትም የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው ፓራፋንጎ አይንቅም። በመጨረሻ የተስማማነው ከስድስቱ ይበልጥ የተሟላው አንድ ፎኒክስ ሳይነካ ታጥቦ፣ በዘይት ተወልውሎ በትምህርት መርጃ ማዕከሉ እንዲቀመጥ ነው። የቀሩት አምስት ይለወጡ። ፓራፋንጎውም አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ለሰኔ እንደርስበታለን።

«ገንዘቡስ?» ይባል ይሆናል። ተቋሙን ቴላዮውን፣ ክፍሉንና መምህሩን እንጂ ገንዘብ አንጠይቅም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ሕዝብ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከየኪሱ አዋጥቶ መንገድ አሠርቷል፤ እኛ ለአምስት ጥንድ ጎማ ብንቸገር ለወላጆቻችን ምን ብለን እንነግራለን? ዕቁብ እንጣል። ለአንድ ብስክሌት ሦስት ሰልጣኝ፣ ለአምስቱ አሥራ አምስት። ዕጣ የወጣለት ቡድን ቸርኬ፣ ጎማና ሞዞ ይገዛል፣ ይሠራል፤ ቀጣዩ ከእርሱ ስሕተት ይማራል። የተሠራው ብስክሌት ንብረትነቱ የተቋሙ ሆኖ፣ ለማስተማር ልምምድ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሰልጣኝ ፈርሞ ይውሰደው። ከግቢ ከመውጣቱ በፊት መምህሩ የፊት ጎማውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ መሪውን በሙሉ ኃይላቸው ጠምዝዘው ይፈትኑት። ከዞረ አይወጣም።

የጨረታው ሣጥን ዓርብ በ10 ሰዓት ይዘጋል። ተራ ቁጥር 6 ከዝርዝሩ እንዲወጣ የሚጠይቅ ወረቀት በእጅ ሥራ ክፍሉ በር ላይ ለጥፌአለሁ፤ የሚስማማ ሁሉ ይፈርምበት። የወልቂጤው ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ ፈርሟል። ከስሙ አጠገብ «ካሊፐሩን የምይዘው እኔ ነኝ» ብሎ ጽፎበታል።