ያልተቆጠረው ተሳፋሪ

ወልቂጤ ውስጥ ስልክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ስንት ሜጋፒክስል? ባትሪውስ ይቆያል? «የደህንነት አፕዴት እስከ መቼ ይመጣለታል?» የሚል ጥያቄ ብዙም አይሰማም፤ ሻጩም አያነሳውም።

በዲሴምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) የሰርቢያ ፖሊስ የአንድ ተማሪ ስልክ ወሰደ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ32፣ ለእኛም ገበያ እንግዳ ያልሆነ ስልክ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በቀጣዩ ፌብሩዋሪ እንዳጋለጠው፣ ቁልፉ የተሰበረው በሴሌብራይት መሣሪያ ነው። ከተጠቀሙባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ደግሞ የቪዲዮ ካሜራን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ነበር። ባለስልኩ ካሜራ ሰክቶ ባያውቅም ድራይቨሩ ውስጡ አለ፤ አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነውና።

ስህተቱ የመስቀል ሰሞን መናኸሪያን ይመስላል። ተራ አስከባሪው የተመዘገቡትን ቆጥሮ ለእነሱ የሚበቃ መኪና ያቀርባል። በሩ ላይ ግን ያልተመዘገበውም ይገባል። ድራይቨሩም የምስል ዓይነቶችን ቆጥሮ ሜሞሪ ሲይዝ «ዓይነቱ ያልታወቀ» የሚለውን ይዘለዋል፤ ሲጽፍ ግን ያስገባዋል። በመኪና ቢሆን ትርፍ ሰው መተላለፊያው ላይ ይቆማል። ሜሞሪ ውስጥ ግን የሌላውን ወንበር ነው የሚይዘው። በዩኤስቢ «ካሜራ ነኝ» ብሎ የሚሰካ መሣሪያ ይህንን ሆን ብሎ ያደርገዋል።

ከ2008 ጀምሮ የነበረ ስህተት ነው። ጥገናው አንዲት ቅድመ ሁኔታ መጨመር ብቻ ሆነ፤ ያልታወቀውን ዓይነት ሲጽፍም እንዲዘለው። ጎግል በፌብሩዋሪ 2025 ለአንድሮይድ አወጣው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። አምራቹ የተወው ስልክ ይህ ጥገና አይደርሰውም፤ ሱቅ ውስጥ ግን በአዲስ መስታወት መሸፈኛ ያብረቀርቃል።

«የወልቂጤ ነጋዴን ስልክ ማን ይሰብራል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ይህ የተራ ሌባ ሥራ አይደለም፤ ስልኩን በእጅ መያዝም ይጠይቃል። ግን በየካቲት 2015 ዓ.ም. እዚችው ከተማ ውኃ የጠየቀ ሕዝብ ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞተዋል። እንዲያ ባለ ቀን ቪዲዮ የቀረጸ ወጣት ስልኩን ቢነጠቅ፣ የስክሪን ቁልፉ ብቻውን አያድነውም።

የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ወዲህ ገበያ ለሚገባ ስልክ ቢያንስ የአምስት ዓመት አፕዴት አስገድዷል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ቢያንስ የማብቂያው ቀን ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ማስገደድ ይገባዋል። ለመድኃኒት የሚጻፍ ቀን ለስልክ የማይጻፍበት ምክንያት የለም።

እስከዚያው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የአንድሮይድ የደህንነት አፕዴት ቀኑን ማየት ይቻላል። ከፌብሩዋሪ 5 ቀን 2025 በፊት ከሆነ፣ ያ በር ገና ክፍት ሊሆን ይችላል።