ሳናነብ የምንፈርመው ፎርም

ወገኖቼ፣ እዚህ ሊልበርን ቡና ላይ ስንገናኝ የአገር ቤቱን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ እንተነትናለን። ባለቤታችንን ለማስመጣት የምንሞላውን አይ-864 ግን ሳናነብ እንፈርማለን፤ እኔም እንዲሁ ነበር የፈረምኩት። ይህ የድጋፍ ቃል ኪዳን ትዳሩ ቢፈርስ እንኳ አይፈርስም፤ በአብዛኛው የመጣችው ዜጋ እስክትሆን ወይም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ሥራ እስኪቆጠርላት ድረስ ይጸናል። ሜዲኬይድ ደግሞ ለአብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ 5 ዓመት ዝግ ነው። ብትታመምስ?

ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የመሥሪያ ቤታችን ኢንሹራንስ እንደመጣች ይቀበላት እንደሆነ እንጠይቅ። የማይቀበላት ከሆነ ጆርጂያ አክሰስ አለ፤ ከዓመታዊው ምዝገባ ውጪ ያለን ጊዜ ግን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ብቻ ነው።

ባለሥልጣን የፈረመውን ሁሉ የምንመረምር ሰዎች የራሳችንንም ፊርማ እንመርምር እንጂ! ቸር ይግጠመን።