ሥራን በየጥቂቱ እየፈጸሙ ስለ ማሳየት

ዛሬ ሚዛን አማን በምትባለው በሚዛን ተፈሪ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ በልጁ ላይ ተቈጥቶ ሰንብቶ ወደ እኔ መጣ። ልጂቱ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በቴፒው ግቢ፣ የኮምፒዩተር ትምህርቷን ፈጽማ አሁን ከአራት ባልንጀሮቿ ጋራ ለቡና ገበሬዎች መዝገብ የሚሆን ሶፍትዌር ትሠራለች። አባት ያዘነው በስንፍናዋ አይደለም፤ የሥራው ወግ አልገባውም። «በየጧቱ ቆመው ሩብ ሰዓት ያወራሉ፤ በየሁለት ሳምንቱም ያላለቀ ነገር ይዘው ወደ ገበሬው ይሄዳሉ። ጣራ ያልለበሰ ቤት ለእንግዳ ይከፈታልን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ አባቶች ጥያቄ መስሎ ስለ ታየኝ መልሱን በዚህ ዓምድ ላወጣው ወደድሁ።

አስቀድሞ መዝገቡ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። የኤውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና በገበያው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ ሁሉ በካርታ ላይ መታወቅ አለበት፤ ማሳው ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነ ወሰኑ በዙሪያው ይለካል፣ ያነሰ እንደ ሆነ ግን አንድ ነጥብ ይበቃዋል። በሚዛን፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ ከጥላ ዛፍ ሥር ቡና የሚያለማ ገበሬ ደኑን ጠብቆ ሲኖር ሳለ፣ ማሳው ባለመመዝገቡ ብቻ ገበያ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ በሥራ ላይ የሚውልበትም ቀን በመጀመሪያ የ2024 መጨረሻ ተብሎ ሳለ ወደ 2025፣ ከዚያም ደግሞ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ወደ 2026 መጨረሻ ተላልፏል። እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር እያለ የሁለት ዓመት ዕቅድ ጽፎና አትሞ መቈለፍ ምን ይጠቅማል?

ልጆቹ የያዙት ወግ በባዕድ ቋንቋ አጃይል ይባላል፤ ቀልጣፋ እንደ ማለት ነው። በ1986 ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሊቃውንት፣ አዲስ ዕቃ የሚፈጥሩ ሠራተኞች ሥራውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከማቀባበል ይልቅ እንደ ራግቢ ተጫዋቾች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አብረው ቢገፉት እንደሚሻል ጻፉ። ስክረም የሚባለውም ሥርዐት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጨዋታ ነው። በፌብሩዋሪ 2001 ደግሞ 17 የሶፍትዌር ዐዋቂዎች በአሜሪካ፣ በዩታ ተራራ ላይ ተሰብስበው የሐሳባቸውን መግለጫ አወጡ። ቃሉ ብዙ አይደለም፤ ከወፍራም ጽሑፍ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ ዕቅድን ሙጥኝ ከማለትም ይልቅ ለለውጥ መልስ መስጠት ይበልጣል የሚል ነው። ዕቅድ አያስፈልግም አላሉም። ይህን ያነሣሁት በቀልጣፋነት ስም ያለ ዕቅድ የሚንከራተቱ ሰዎች ስላሉ ነው።

ልጂቱ ግን ለአባቷ ጃፓንንም አሜሪካንም አልጠቀሰችም። «አባባ፣ እርስዎ ቡናዎን እንዴት ያስለቅማሉ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ቀዩን እሸት ብቻ እየለየ እንደሚያስለቅም፣ አረንጓዴው እስኪቀላ ቆይቶ ወደዚያው ዛፍ ሦስትም አራትም ጊዜ እንደሚመለስ፣ ቅርንጫፉን ባንድ ጊዜ ጠርጎ ማውረድ ግን ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ ዋጋውን እንደሚያወርደው ነገራት። «የእኛም ሥራ ይኸው ነው» አለችው።

ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል። ለቃሚው የበሰለውን በዐይኑ አይቶ ያውቃል። ሶፍትዌር ሠሪ ግን ሥራው መብሰሉን የሚያውቀው የሚገለገልበት ሰው በእጁ ይዞ ሲሞክረው ነው። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ልጆቹ የሠሩት የአባወራውን ስም የሚጽፍና የማሳውን ነጥብ የሚይዝ ገጽ ብቻ ነበር። ይህንኑ በስልክ ይዘው ወደ ገበሬው ቤት ሄዱ። ከቡናው መካከል ሲገቡ መረቡ ጠፋ፤ ስልኩም ከጥላው ሥር ሆኖ ነጥቡን ከጐረቤት ማሳ ላይ አኖረው። ከጓሮ የመጣች አንዲት ሴት ወይዘሮም «ይህ ቡና ከአባቴ የወረስሁት ነው፤ የእኔ ስም ከምኑ ላይ ይጻፋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ገጹ ለእርስዋ ስፍራ አልነበረውም።

በሚቀጥለው ሁለት ሳምንት መረብ በሌለበት መዝግቦ የሚያቈይ፣ ነጥቡንም ሰው በካርታው ላይ አይቶ የሚያቀናው፣ የባለ ማሳውንም ስም ከአባወራው ስም ለይቶ የሚይዝ አድርገው መለሱት። ያች ወይዘሮ የተገኘችው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ማን ያፈርሰው ነበር? ለእርስዋ «እንዲሁ በባልሽ ስም ይሁን» ይሏት ነበር።

ወዳጄ ይህን ሲያወራልኝ የራሱ ነገር ትዝ አለው። ከዓመታት በፊት ይሠራበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ አሠርቶ ነበር። ዕቅዱ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ታትሞ ነበርና ሥራው በሁለተኛው ዓመት አምሮ መጣ፤ ነገር ግን ጸሓፊዎቹ ዕለት ዕለት የሚጠየቁት አንድም ነገር አልነበረበትም። ተመርቆ፣ ተጨብጭቦለት፣ ወረቀቱ ቀጠለ። «እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርሁ» አለኝ።

የጧቱ ስብሰባ የሚበቃው ለሩብ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ የያዘውንና የከለከለውን ይናገራል፤ የሁለቱ ሳምንት ዙር ሲፈጸምም ምን እንደ ተበላሸ አብረው ይመረምራሉ። በአገራችን የሚያስቸግረው ይህ ይመስለኛል። በአለቃ ፊት «አልሆነልኝም» ማለት ለእኛ ነውር ነው፤ ይሉኝታ አፍ ይይዛል። ስለዚህ ስብሰባው የመልካም ወሬ ማሰሚያ ይሆናል፣ አለቃውም ሩብ ሰዓቱን ሰዓት ተኩል አድርጎ ተግሣጽ ያበዛበታል። ከልጂቱ ባልንጀሮች ትንሹ ያበላሸውን ሦስት ቀን ሸሽጎ፣ የወጣለት በዕድሜ የሚበልጠው ሰው «እኔ ትናንት ተሳስቻለሁ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ታላቁ ሁልጊዜ ስሕተቱን ፊት ይናገራል።

ወዳጄ ባለፈው ዐርብ ገበሬዎቹ ባሉበት የሥራውን መታየት ሊያይ ሄደ። ከወንበሩ ተቀምጦ «ለመሆኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» ማለቱን ግን አልተወም። ልጂቱም የትኞቹ ቀበሌዎች ከአሁኑ ለቀማ በፊት እንደሚመዘገቡ፣ የትኞቹም እንደሚቆዩ በሰሌዳው ላይ አሳየችው። ማታ ቡና ሲፈላ ባለቤቱ፣ ከአባቷ የወረሰችው በቴፒ በኩል ያለው ማሳ በማን ስም ሊመዘገብ እንደ ሆነ ጠየቀችው። እርሱ በራሱ ስም ሊያስመዘግበው አስቦ ነበር። በማግሥቱ በልጂቱ ሰሌዳ ላይ፣ ለሚመጣው ሁለት ሳምንት ከተያዙት ሥራዎች መካከል የእናቷ ማሳ በእናቷ ስም ተጽፎ ተገኘ።