የአይጥ ማስረጃና የሰው ሕዋስ

ሕዋስ ሰርጎ የገባን ቫይረስ የሚለየው በአብዛኛው በዘረመሉ ነው። ሲጋስ የተባለው ኤንዛይም በሳይቶፕላዝም ውስጥ ያገኘውን ዲኤንኤ ሲይዝ ሲጋምፕ የተሰኘ ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል። ሲጋምፕ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ሽፋን ላይ ካለው ስቲንግ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ በዚህም የኢንተርፌሮን ምርት ይጀመራል፣ ጎረቤት ሕዋሳትም ይነቃሉ። የአይጥና የሰው ሥርዓት በዚህ ረገድ እጅግ ስለሚመሳሰል ልዩነታቸው በብዙ ጥናት እንደ ዝርዝር ጉዳይ ይታለፋል። ይህ ልማድ ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ቫዲሜዛን የተባለው መድኃኒት የአይጥን ዕጢ በአስደናቂ ሁኔታ ያጠፋ ነበር። በጊዜው በዋናነት የዕጢ ደም ሥሮችን እንደሚያፈርስ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። ስቲንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገለጽ መድኃኒቱ በሰዎች ላይ እየተሞከረ ነበር። ከ1,000 በላይ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን የተሳተፉበት ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ያለ ፋይዳ ተቋረጠ። ምክንያቱ የተገለጠው በ2013 ነው፦ ቫዲሜዛን ከአይጥ ስቲንግ ጋር ይጣመራል፣ ከሰው ስቲንግ ጋር ግን አይጣመርም። የልዩነቱ ጥበት ያስገርማል፤ በሰው ስቲንግ 230ኛ ቦታ ያለው አሚኖ አሲድ ብቻ በአይጡ ሲተካ ፕሮቲኑ መድኃኒቱን መቀበል ይጀምራል።

ጥፋቱን በአይጥ ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አይጧ የተጠየቀችውን በትክክል መልሳለች። በበቂ ሁኔታ ያልተጠየቀው የሰው ሕዋስ ነው። ተቀባዩ ፕሮቲን ገና ስላልታወቀ መጠየቅ አይቻልም ነበር የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የሰው ሕዋስ ለመድኃኒቱ ኢንተርፌሮን ያመነጫል ወይስ አያመነጭም የሚለው ጥያቄ የተቀባዩን ስም ማወቅን አይጠይቅም። ስለዚህ በአይጥ ማክሮፋጅ ብቻ ተጀምሮ በአይጥ የሚያበቃ የመመረቂያ ጥናት፣ ስለ ሰው ሕክምና አንድ ዐረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት በሰው ሕዋስ ላይ የተደረገ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይገባል።

ማረጋገጫውም በአንድ የሕዋስ መስመር ብቻ ከሆነ አይበቃም። ቲኤችፒ-1 የተባለውና በሰፊው የሚሠራበት የሰው ሕዋስ መስመር የያዘው ሃክ የሚባለውን የስቲንግ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ከተለመደው በሦስት አሚኖ አሲዶች ይለያል፤ ከሦስቱም አንዱ ይኸው 230ኛው ነው።