ልጆቻችንን ወደ ሐይቅ ዳር እንውሰዳቸው

እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤታችን የተለመደ ነገር አለ። ባሕር ዳር ለሚኖሩት እናቴ ስልክ እንደውላለን። ስልኩ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ሲደርሳት አያቷ «እንዴት ነሽ የኔ እናት?» ይሏታል። «ደህና ነኝ።» «ትምህርትስ?» «ደህና ነው።» «ምን በላሽ?» «ፓስታ።» ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል።

ልጄ አያቷን ትወዳለች። አማርኛ ትሰማለች፤ በዚህ ትምህርት ቤት መምህራን ድካም ፊደል ለይታ ማንበብም ችላለች። የምታወራው ነገር ግን የላትም። እኔም ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ ስንፍና ቆጥሬባት ነበር። አሁን ግን ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ስለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ለዓመት መጽሐፋችን የሰጠሁት።

ላቪንግተን ውስጥ የሚያድግ ልጅ የሚሰማው አማርኛ የቤት ውስጥ አማርኛ ነው። «ብላ፣ ተነሺ፣ ጫማህን አውልቅ፣ መብራቱን አጥፊ።» አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ስሙን ያገኘው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ዛፉን፣ ወፉን፣ ነፋሱን፣ ጭቃውን በአማርኛ ጠርቶለት የሚያውቅ የለም፤ እኛ ወላጆቹ በመኪና ስለምናልፋቸው ቆመን አናሳየውም። መምህራን ፊደልና ሰዋስው ሊያስተምሩ ይችላሉ። ለቃላቱ የሚሆን ነገር ማሳየት ግን የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው። ስለዚህ አስተያየቴ እንዲህ ነው፦ አቅማችን በፈቀደው መጠን፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ልጆቻችንን ከከተማ አውጥተን ሐይቅ ዳር ባለች ጎጆ ቤት ሁለት ሌሊት እናሳድራቸው። ይህን ከመዝናኛ ወጪ ሳይሆን ከአማርኛ ትምህርት ወጪ ልንቆጥረው ይገባል።

ባለፈው ዕረፍት ከሁለት ቤተሰቦች ጋር ሆነን ናይቫሻ ሐይቅ ሄድን። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጄምስ ጊቹሩ መንገድ ወጥተን ዋያኪ ዌይን ይዘን ሊሙሩን ስናልፍ መሬቱ በድንገት ወደ ታች ይከፈታል። «ይህ ስምጥ ሸለቆ ነው» አልኳቸው። ቃሉን አያውቁትም ነበር። በማይ ማሂዩ ቁልቁለት ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። እ.ኤ.አ. በ1942 መንገዱን ይሠሩ የነበሩ ጣሊያናውያን የጦር ምርኮኞች የሠሯት ናት። የስምንት ዓመቱ ልጄ «ጣሊያኖች እዚህ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ወደ ኬንያ ከመጡት ምርኮኞች ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት በፊት እኛ አገር በተደረገው ጦርነት የተያዙ ስለነበሩ፣ የአምስቱን ዓመት የወረራ ታሪክ ከመኪና ሳንወርድ መተረክ ጀመርኩ። ሸለቆውን ተከትለው ወደ ሰሜን ቢጓዙ ቱርካናን አልፈው ጫሞና አባያ፣ ሐዋሳና ላንጋኖ፣ ከዚያም ዝዋይ እንደሚደርሱ ስነግራቸው ካርታ አምጣ አሉኝ።

ያረፍንባት ቤት በአንድ ሰፊ የእርሻ ግቢ ውስጥ ያለች ናት። በሐይቁ ዙሪያ በቅኝ ግዛት ዘመን የተመሠረቱ ትልልቅ የግል እርሻዎች አሉ፤ ከባለቤቶቻቸው አንዳንዶቹ ዛሬ የእንግዳ ቤቶችን ለቤተሰብ ያከራያሉ። የእኛዋ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰፊ በረንዳ፣ የምድጃ ክፍልና አራት መኝታ ቤት ነበራት። ከፊቷ እስከ ውሃው ድረስ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ የኤሌክትሪክ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደንገል፣ ከላይ ደግሞ ግንዳቸው ቢጫ የሆነ ረጃጅም ግራሮች። ናይቫሻ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የምትሄዱ ጋቢ አትርሱ።

የመጀመሪያው ማታ የግቢው ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። የእኔ ስዋሂሊ ከገበያ አያልፍም፤ እሳቸው ደግሞ ረዘም ያለ ነገር ሊነግሩን ፈለጉ። ዞር ብዬ ልጄን «ምን አሉ?» አልኳት። ልጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ጀመረች። «ከመሸ በኋላ ከአጥሩ አትውጡ እያሉ ነው። ማታ ኪቦኮ ሣር ሊበላ ይወጣል። ኪቦኮ በአማርኛ ምንድን ነው አባዬ?»

«ጉማሬ» አልኳት። እዚያ በረንዳ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ቃሉን ደጋገሙት። ዘበኛው አንድ ጉማሬ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር እንደሚበላ ነገሩን። እኔም በተራዬ ድሮ በአገራችን ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው አለንጋ ራሱ «ጉማሬ» ይባል እንደነበር ነገርኩና ልጄ አስተረጎመችልኝ። ሽማግሌው ሳቁ። በስዋሂሊም «ኪቦኮ» አለንጋ ማለት ነው! ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንድ እንስሳን አይተው አንድ ዓይነት ነገር አሰቡ። ይህን ልጆቹ በመጽሐፍ ቢያነቡት ኖሮ ይረሱት ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ሣር ሲነጭ ድምፁን እየሰሙ ስለተማሩት ግን የሚረሱት አይመስለኝም።

በማግስቱ ዘበኛው የሐይቁ ስም ከማሳዎች ቋንቋ እንደመጣና የሚናወጥ ውሃ ማለት እንደሆነ ነገሩን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉን አይተን አመንን። ውሃው ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ባይኖርም ጨዋማ ያልሆነው ከመሬት በታች ስለሚሰርግ እንደሆነ ደግሞ አንዷ እናት አስረዱ። ልጆቹ ደንገሉን «ፓፒረስ» ብለው ከትምህርት ቤት ያውቁታል፤ የግብፅ ወረቀት የሚሠራበት ነው። ያው ተክል በጣና ላይ ታንኳ እንደሚሆን፣ የዘጌ ሰዎች እንጨት ጭነውበት ባሕር ዳር እንደሚመጡ ግን አልሰሙም ነበር። ዛፍ ላይ የምትዘል ጥቁርና ነጭ ጦጣ ሲያዩም «ኮሎበስ» አሉ። «እሷማ ጉሬዛ ናት፤ ሳይንሱም ኮሎበስ ጉሬዛ የሚላት የእኛን ስም ወስዶ ነው» ስላቸው የልጄ ፊት ላይ ያየሁትን ኩራት ልገልጸው አልችልም። በናይሮቢ መንገድ ዳር ግራር ላይ ቆሞ ሁልጊዜ የምናየው ትልቁ ወፍም በሐዋሳ ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ ይባላል፤ አሁን መንገድ በተዘጋጋ ቁጥር አባ ኮዳ እንቆጥራለን።

አንዳንዱ ወላጅ «ታዲያ ሆቴል ብንሄድስ?» ይል ይሆናል። እኛም ሞክረነዋል። ሆቴል ውስጥ ልጁ የሚያናግረው አስተናጋጁን ነው፤ በእንግሊዝኛ። ሁሉም የየራሱን ሰሃን ይዞ ይቀመጣል፤ ከእራት በኋላ ሁሉም ወደየክፍሉና ወደየስልኩ ይገባል። ጎጆ ቤት ውስጥ ግን የሚሠራ ሥራ አለ። እንጀራውን ከናይሮቢ ይዘን ሄድን፤ ሽሮው እዚያ ተሠራ። አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዷ እንጨት ትለቅማለች፣ አንዱ ቡና ያቀርባል። ሥራ ባለበት ወሬ አለ፤ ወሬ ባለበት ደግሞ ቋንቋ ይኖራል። ስልኮቹን በቅርጫት ሰብስበን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልናቸው፤ የወላጆቹንም ጭምር። የመጀመሪያው ሰዓት ከባድ ነበር፤ ከልጆቹ ይልቅ ለእኛ።

ሌላው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። «ለናይቫሻ የምታወጣውን ገንዘብ አጠራቅመህ አገር ቤት ብትወስዳቸው አይሻልም?» ይሻላል። የሚችል ይሂድ። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። «በሚቀጥለው ክረምት» እያልን ስንት ክረምት አለፈ? ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ቀላል አይደለም። ከመካከላችንም ወረቀታቸው ወደ አገር ቤት መመለስ የማይፈቅድላቸው ወላጆች አሉ። የእነሱ ልጆች አማርኛ እስኪመለሱ ድረስ ይጠብቃቸው? ልጅነት አይጠብቅም። ሐዋሳን ማሳየት ያልቻለ ወላጅ የሐዋሳን ጉማሬ ወንድም ናይቫሻ ላይ ሊያሳይ ይችላል። ሸለቆው አንድ ነው።

ወጪውም ቢሆን አይካድም፤ ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳል። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኛ ሦስት ቤተሰብ ሆነን አንድ ቤት ተካፈልን፤ ምግቡንም ከቤታችን ወሰድን። ይህም የማይቻል ከሆነ ምንጣፍና ፔርሙዝ ይዞ አንድ ቅዳሜን አርቦሬተም ወይም ካሩራ ጫካ መዋል ይቻላል። የሐይቅ ዳሩ ሌሊት የተሻለ ነው የምለው ከመሸ በኋላ ስለሚመጣው ጨዋታ ነው፤ ዋናው ግን ልጅና ወላጅ አንድን ነገር አብረው ማየታቸውና በአማርኛ መጥራታቸው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመመለሳችን በፊት እንደተለመደው ከበረንዳው ለእናቴ ደወልን። ስልኩ ለልጄ ደረሳት።

«እንዴት ነሽ የኔ እናት?»

«ደህና ነኝ። እማማ፣ ጉማሬ አየሁ።»

«ውይ! የት? ታንኳ ላይ ነበርሽ እንዴ?»

«አይ፣ ከአጥር ውስጥ። እሱ ደንገል ውስጥ ተደብቆ ነበር።»

ከወዲያ ትንሽ ዝምታ ሆነ። «ደንገል አልሽ?» አሉ እናቴ። ከዚያ በልጅነታቸው በታንኳ ስለተሻገሩበት ቀን መናገር ጀመሩ፤ እኔም ራሴ ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነው። ልጄ «ከዚያስ?» ትላለች፤ እናቴ ይቀጥላሉ። ያን ቀን ስልኩ ወደ እኔ ሳይመለስ ካርዱ አለቀ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው ዕረፍት እያንዳንዱ ልጅ የትም ይዋል የትም፣ ሐይቅ ዳርም ይሁን አያቱ ቤት፣ በዓይኑ ያያቸውን አሥር ነገሮች በአማርኛ ጽፎ ይምጣ። ከአማርኛው ጎን የስዋሂሊውን ስም ይጻፍ። መምህራን ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። በዓመቱ መጨረሻ ማናችንም ያላስተማርነው መዝገበ ቃላት ይኖረናል።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ እኛን አትማሩን። «ይሄ በአማርኛ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። የማናውቀው ከሆነ እኛም አያቶቻችሁን እንጠይቃለን። እነሱ ስልኩ እስኪጮህ እየጠበቁ ነው።