የማረቆ ጉድጓድና የጎደለው ካልሲየም

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ደጋግሞ ሲፈላ ከታች ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የኖራ ድንጋይ ራሱ። ብዙ ሰው ይህን ቅርፊት ሲያይ «ይኸው ነው እኛም ኩላሊት ውስጥ የሚጋገረው» ብሎ ይደመድማል። ወገቡ የደረቀ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ ሰው ሲገኝም ጣት የሚቀሰረው በዚሁ ነጭ ነገር ላይ ነው። እኔ ግን የተያዘው የተሳሳተ ተጠርጣሪ ነው ባይ ነኝ። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለቆሼ፣ በበርበሬው አገር ለሚያውቀው ለማረቆ ሕዝብም፣ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሳይሆን ካልሲየሙን መንገድ ላይ ጥሎ የመጣው ውሃ ነው።

በኩላሊት ጠጠር እንጀምር። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም እንዳለበት እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ከ45 ሺህ በላይ ወንዶችን ተከታትሎ የታተመ ሰፊ ጥናት ያገኘው የተጠበቀውን ሳይሆን ተቃራኒውን ነበር፤ ከምግባቸው ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ሰዎች ጠጠር የያዛቸው ባነሰ መጠን ነው። ምክንያቱም ከሚበላው ጋር የገባ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለውን ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ እያለ ይይዘውና ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ኩላሊት ድረስ አይዘልቅም። በእንክብል መልክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ካልሲየም ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ የሚበቃን ነገር ይህ ነው፦ ካልሲየም ያለ ቦታው የሚከማቸው በዝቶ ስለተበላ ብቻ አይደለም። አብሮት ያለው ወይም ከአጠገቡ የጠፋው ነገር አቅጣጫውን ይወስናል።

ማረቆ በሚገኝበት ስምጥ ሸለቆ ከካልሲየም ጋር አብሮ ያለው ነገር ፍሎራይድ ነው። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሲነሳ ካልሲየም ይዞ ይነሳል። ወደ ሸለቆው ወለል ሲወርድ ግን የሚያልፈው በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፐሚስና መስታወት በሚመስሉ ዐለቶች ውስጥ ነው። እነዚህ ዐለቶች ሶዲየምና ፍሎራይድ ይለቁበታል። ከጥልቅ ስንጥቆች የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ውሃውን ባይካርቦኔት ያበዛበታል። ከዚያ በኋላ ካልሲየሙ ከፊሉ ካርቦኔት ሆኖ እዚያው መሬት ውስጥ ይጋገራል፣ ከፊሉን ሸክላው ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ካልሲየምና ፍሎራይድ በአንድ ውሃ ውስጥ ሁለቱም በዝተው አይቆዩም፤ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። ካልሲየሙ ቀድሞ ካለቀ ግን ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም። ስለዚህ መሬት ውስጥ የሚገኘው ነጭ ክምችትና የአንድ ገበሬ አከርካሪ ላይ የሚገኘው ክምችት የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸው። ሳሙና ቶሎ የሚያረፋው፣ ልብስ አጣቢ የሚወደው «ለስላሳ» የጉድጓድ ውሃ በቆላው ወለል ላይ ምርመራ የሚያሻው ለዚህ ነው። የደጋ ምንጭም ለስላሳ ሊሆን ይችላልና ሳሙና ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የሚፈርደው ላቦራቶሪ ነው። ማፍላትም አያድንም፤ ጀርም ይገድላል፣ ካልሲየሙን ማንቆርቆሪያው ላይ ያስቀራል፣ ፍሎራይዱን ግን ከነሙሉ መጠኑ ለጠጪው ይተዋል።

ፍሎራይድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን አገራችን በደንብ አይታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ መጀመሪያ ጥርሱ ይበልዛል። ዓመታት ሲቆጠሩ ፍሎራይዱ የአጥንቱ ማዕድን ውስጥ ገብቶ አጥንት ገንቢ ሴሎችን ያለ ልክ ያሠራቸዋል። አጥንቱ ይወፍራል እንጂ አይጠነክርም፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶችም ካልሲየም እየተጋገረባቸው ይደርቃሉ። አከርካሪ አልታጠፍ ይላል፣ የነርቭ መተላለፊያው ይጠባል። በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው ይኸው ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በልዟል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውና ከ1,400 በላይ የውሃ ናሙናዎችን ከመላው አገሪቱ የመረመረው ሥራ ደግሞ ሩብ ያህሉን ከጣሪያው በላይ አግኝቶታል፤ የሻላ ሐይቅማ በሊትር ከ200 ሚሊግራም ይበልጣል። እንግዲህ ጅማት ላይ ካልሲየም የተጋገረበት ሰው ካልሲየም በዝቶበት ነው ማለት ይቻላል? አይቻልም። ወተትና አትክልት በማያገኝ፣ ካልሲየም በጎደለው ሰው ላይ በሽታው ይበልጥ ይከፋል፤ የልጆች እግር የሚቆለመመው እንዲህ ባለው ቤት ነው። በሃላባ በሴቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በዱቄት መልክ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ማለትም ካልሲየም፣ ሲሰጣቸው በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ መቀነሱን አሳይቷል። አንጀት ውስጥ ተያዘ ማለት ነው፤ መሬት ውስጥ ያመለጠው ሥራ ዘግይቶም ቢሆን ሆድ ውስጥ ተሠራ።

አፈሩም ከዚህ የተለየ ነገር አይነግረንም። ትነት ከዝናብ በሚበልጥበት ቆላ ካርቦኔቱ ታጥቦ አይወርድም፤ አንድ ክንድ ገደማ ወርዶ ነጭ እንክብል እየሠራ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው አፈር ፎስፈረስን ያስራል፣ ብረትንና ዚንክን ከሥር ይሸሽጋል፤ የበርበሬው ለጋ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ በደም ሥሮቹ መሃል ቢጫ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ነው። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ በመስኖ ሲጨመር ደግሞ የቀረው ካልሲየም ይዘቅጥና ሶዲየም ሸክላውን ይወርሰዋል፣ መሬቱ እንደ ምጣድ ይደርቃል። መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢባል ጂፕሰም፣ አሁንም በሚሟሟ መልክ የመጣ ካልሲየም። ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲዳማ ነው ይባላል፤ ለጉራጌ ደጋ ኖራ መበተኑ ተገቢ ነው። በኮታ ተመድቦ እስከ ቆላው ቢወርድ ግን ኖራ በኖራ ላይ መደረብ ይሆናል። በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ውስጥ አንዱ አፈር የሚለምነውን ሌላው ጠግቦታል።

ይህን ሲሰሙ «መጀመሪያ ውሃው ይገኝ እንጂ» የሚሉ አሉ፤ መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። ተቅማጥ ሕፃንን በቀናት ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን ዓመታት ይወስዳል። ጉድጓድ ይዘጋ የምል ከሆነ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እኔ የምለው ግን ይለካና ይለይ ነው። ቤተሰብ ለመጠጥና ለወጥ የሚያውለው ከሚቀዳው ውሃ ጥቂቱ ነው፤ ለልብስና ለጽዳት የሚሆነው ከየትም ቢመጣ ግድ የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ማጣሪያ አለ የሚል ነው። አለ፤ በአሉሚና የሚሠራ፣ ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራም አለ፣ የአጥንቱ ከሰል ፍሎራይድ የሚይዘው በካልሲየም ፎስፌቱ መሆኑም ለክርክሬ ይረዳኛል። ዳሩ ግን ማጣሪያ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የሚያድሰው ሰውና በጀቱ ሲጠፋ ሳይታወቅ መያዝ ያቆማል፣ ውሃውም ጣዕሙ ስለማይለወጥ ማንም አይነቃም። ከተራራው ግርጌ በስበት የሚወርድ የምንጭ ውሃ ባለበት አገር ማጣሪያን ቀዳሚ ማድረግ ጥሩ ስሌት አይመስለኝም። ቧንቧው ውድ ነው፣ ግን ከተዘረጋ በኋላ ነዳጅ አይጠይቅም።

የፍሎራይዱ መጠን በግልጽ ቢለጠፍ ሕዝብ ይደናገጣል የሚለውን ሦስተኛውን ተቃውሞ ብዙም አላከብረውም። ጥርሱ የበለዘ ወጣት ሳቁን በእጁ እየሸፈነ መኖሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ያነሰ ድንጋጤ አይደለም። ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ከሚወጣው ገንዘብ አንጻር የፍሎራይድና የካልሲየም ምርመራ ዋጋ ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ጉድጓድ ከመመረቁ በፊት ሁለቱም ቁጥሮች ተለክተው፣ ቀኑ ተጽፎ ቦኖው ላይ ይለጠፉ። ሁለቱም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ካልሲየሙ የዘቀጠበት ጉድጓድ ዛሬ ፍሎራይዱ ከጣሪያው በታች ቢሆንም በየጊዜው ሊጠበቅ የሚገባው እሱ ነው። ውሃው ለሁሉም እስኪዳረስ ድረስ ደግሞ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ገደማ ድረስ ስለሆነ፣ በአንድ ቀበሌ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ አንድ ቦኖ ብቻ ካለ ጄሪካኑ መጀመሪያ መሞላት ያለበት ከዚያ ዕድሜ በታች ልጅ ላለበት ቤት ነው።